የድንኳን ሜዳ ባለድርሻዎች

የአንድ ቃል ትርጉም አውቃለሁ ብዬ ሰፈሬን ያለ ሜዳ ላስቀር ነበር። ዛሬም በሬዲዮ "ባለድርሻ አካላት" ሲባል ጆሮዬ ይግላል። ታሪኩን የሰሙ ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ያን ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት በሆዴ ያለፈውን ግን ለማንም በደንብ ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጳውሎስ አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ የሐኪም ማዘዣ ማንበብ ነው። ዶሮ የጫረችው የሚመስል ጽሑፍ ሲመጣ አንዴ ገርመም አድርጌው መድኃኒቱን ከመደርደሪያው አወርዳለሁ። ይህ ነገር ሰፈር ውስጥ ትልቅ ስም ሰጥቶኝ ነበር። "የዶክተር ጽሑፍ የሚያነብ ልጅ ምን ያቅተዋል?" ይሉና የመብራት ደረሰኙን፣ የፍርድ ቤት መጥሪያውን፣ ከልጅ የተላከውን ደብዳቤ፣ አንዴ እንዲያውም የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ሳይቀር ያስነብቡኛል። እኔም አላሳፈርኳቸውም። ያልገባኝን እንኳ እንደገባኝ ሆኜ አነብላቸው ነበር። እውነቱን ልናገርና ከእውቀቴ ኩራቴ ይበልጥ ነበር።

ሰፈራችን ከዋናው አስፋልት ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ ነው። መሃሉ ላይ ድንኳን ሜዳ የምንለው ቦታ አለ። ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ትልቅ የእድር ድንኳን ተተክሎበት ለመኪና መዞሪያ የሚተርፍ ነው። ከላይ በኩል ባሕር ዛፍ፣ ከታች በኩል የእድራችን ዕቃ ቤት አለ። ሰርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። መሬቱ የካስማ ጉድጓድ ብቻ ነው። ልጅ ሆነን ብይ የምንጫወተው በእነዚያ ጉድጓዶች ነበር፤ ትልልቆቹ እያለፉ "ይቺኛዋ የእገሌ ሰርግ ናት፣ ያቺ የእገሊት ለቅሶ ናት" ይሉናል። እኛ ደግሞ ብይዋ የገባችበትን እያየን "ሰርግ ገባሁ! ለቅሶ ገባሁ!" እያልን እንጮሃለን። እንዲህ ተብሎ ብይ የሚጫወትበት ሌላ ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

የአባቴም ድንኳን የተተከለው እዚያው ነው። እናቴን ቀደም ብዬ ነው ያጣሁት፤ አባቴ ሲሞት ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ቀረሁ እላለሁ እንጂ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ከአጠገቤ አልጠፋም። ድንኳኑ ሲነሳ ጋሽ ወርዶፋ የመጨረሻውን ካስማ ነቀሉ፤ ጉድጓዱን በጫማቸው አፈር መለስ አደረጉበትና "በል፣ አይዞህ" አሉኝ። ከዚያ በላይ የተናገሩኝ ነገር አልነበረም።

ጋሽ ወርዶፋ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ትውልዳቸው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ በኩል ነው። በወጣትነታቸው ወርደው ጉለሌ ቀሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም በአትክልተኝነት ሠሩ። ሰው ሲሞት በማለዳ ይነሱና ጡሩምባውን ነፍተው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ በአማርኛ ይለፍፋሉ፤ ወዲያው በኦሮምኛ ይደግሙታል። ቀብር ላይ መዝገብ ይዘው ስም የሚጠሩትም እሳቸው ናቸው። የእድር ደንብ ታውቃላችሁ፤ ስሙ የተጠራ "አለሁ" ይላል፣ የቀረ ይቀጣል።

የአባቴ አርባ ካለፈ በኋላ ጋሽ ወርዶፋ ቤቴ መጡ።

"የአባትህ ቦታ ያንተ ነው። ስሙን ወደ አንተ ላዙረው?" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ሥራ ይበዛብኛል። ድንኳን ስተክል፣ አግዳሚ ስሸከም መዋል አልችልም። ይሰርዙት በቃ" አልኳቸው።

ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እሺ ልጄ" ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ስለ እድር የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል እንዳለፈ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስጣደፍ እትዬ አስካለ ጠሩኝ። እትዬ አስካለ የሜዳው አፋፍ ላይ የሚኖሩ፣ የሰፈሩን ወሬ ከሁሉም ቀድመው የሚሰሙ፣ የሰሙትንም የማያሳድሩ ሴት ናቸው።

"ሙሌዬ፣ መነጽሬን ጥዬ ወጥቼ ነው። ይቺ ወረቀት ምን ትላለች?"

የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ከወረዳው የመጣ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንድ ረጅም የቦታ መለያ ቁጥር አለው። "ሊገነባ ስለታሰበው አፓርታማ" ይላል፤ ዝቅ ብሎ "ባለድርሻ አካላት በስብሰባው እንዲገኙ" ይላል። ታች አስፋልቱ ላይ የታክሲ ረዳቱ "ጳውሎስ! ጳውሎስ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮሃል። ያን ሰሞን ደግሞ መድኃኒት ቤት የሚገባው ሰው ሁሉ ወሬው አክሲዮን ነበር።

"እኛን አይመለከትም እትዬ። አፓርታማ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ ድርሻ የገዙ ሰዎች ስብሰባ አላቸው።"

"ድርሻ የገዙ?"

"አዎ፣ ባለድርሻ ማለት ባለ አክሲዮን ማለት ነው። አክሲዮን አለዎት እንዴ?"

"የኔ ድርሻ ጨጓራዬ ናት፣ እሷም አላበላ ብላኛለች!" ብለው ሳቁ። እኔም ስቄ ወደ ታክሲው ሮጥኩ።

ሳምንታት ቆይቶ በመጀመሪያው ላይ ሌላ ተለጠፈበት። ማንም አላነበበውም። እትዬ አስካለ ለጠየቃቸው ሁሉ "እሱን ሙሌ አይቶታል፣ እኛን አይመለከትም" ሲሉ ከርመዋል። እኔ ሁለተኛውን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ሰፈሩ በእኔ አፍ ተማምኖ ተኛ።

ከዚያ አንድ ረቡዕ መጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት የልጇን ማዘዣ ይዛ መድኃኒት ቤቱ ገባች። ዱቄቱን በውሃ ስበጠብጥላት ሰዓቷን ደጋግማ ታያለች።

"ቶሎ በልልኝ ወንድሜ። ይሄን ቤት አድርሼ ለስምንት ሰዓት ስብሰባ መመለስ አለብኝ።"

"የት ነው የምትሠሪው?"

"ወረዳ፣ ፕላን ክፍል" አለችና የወረዳውን ቁጥር ነገረችኝ። የእኛ ነው።

"እኔም እዚያው ነኝ። ድንኳን ሜዳ አካባቢ።"

ፊቷ በራ። "ድንኳን ሜዳ! እናንተማ ጨዋ ናችሁ! ሌላ ሰፈር እኮ አንድ አፓርታማ ይሠራ ሲባል ጩኸቱ አይጣል ነው። እናንተን ሁለት ጊዜ ጠራን፣ አንድ ሰው አልመጣም። ቃለ ጉባኤው ላይ 'ተቃዋሚ የለም' ብለን ጻፍን። የዛሬው የመጨረሻው ነው፤ በስምንት ሰዓት ፋይሉን እንዘጋዋለን።"

"የምኑ ፋይል?"

"የአፓርታማው ነዋ። ሜዳው ላይ የሚሠራው።"

ጠርሙሱ እጄ ላይ ቀረ። "ማስታወቂያው ግን ባለድርሻ ነው የሚለው…"

"አዎ፣ ባለድርሻ አካላት። ነዋሪው ማለት ነው እንግዲህ። ከናንተ የበለጠ ባለድርሻ ማን አለ?" አለችና ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ፣ አመስግናኝ ወጣች።

የደነገጥኩትን ድንጋጤ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ "ወይ ጉዴ፣ ወይ ጉዴ" እል ነበር። ሜዳው ዓይኔ ላይ መጣ፤ የአባቴ ካስማ የተነቀለበት ቦታ መጣ። ደግሞ አፌ! "አክሲዮን አለዎት እንዴ?" ያልኩበት አፌ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ኮስታራ ሴት ናት፤ ለስብሰባ ልሂድ ብላት እንደማትለቀኝ አውቃለሁ። ሳላስበው ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ።

"ቀብር አለብኝ።"

"እኔን! የማን ነው?"

"የሰፈር… የሰፈር ሰው ነው።"

"ሂድ ሂድ፣ አትቁም። ነፍስ ይማር" አለችና ጋዋኔን ራሷ ተቀበለችኝ።

አምስት ሰዓት ሳይሞላ ሰፈር ደረስኩ። መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ አስካለ ቤት ነው። ደጃቸው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋውን አስቀምጠው ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ።

"እኔ ነኛ ለሰው ሁሉ ያዳረስኩት!" አሉ። አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስልክ መደወል ጀመርን። አንዱ ኮልፌ ሥራ ላይ ነው፤ አንዷ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ናት፤ አንዱ ሹፌር ነው፣ መሪ ይዣለሁ ብሎ ዘጋው። የመለሰልን ሁሉ መልሱ አንድ ነው። "ስብሰባ? ዛሬ? አሁን? አለቃዬ አይፈቅድልኝም እኮ!" ሽማግሌዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ ስልክ የላቸውም፣ ያላቸውም ቻርጅ የለውም። አንድ ሰዓት ሙሉ ደውለን እንመጣለን ያሉን አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አራት ሰው ይዘን ሄደን ምን ልንል ነው?

ያኔ ነው የአሠሪዬ ነገር ትዝ ያለኝ። "ሂድ ሂድ፣ አትቁም" ያለችኝ። ለስብሰባ የሚፈቅድ አለቃ ላይኖር ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለቀብር የሚከለክል አለቃ ግን አላየሁም።

"እትዬ፣ ጡሩምባው" አልኩ።

አፍጥጠው አዩኝ። "ሰው ሳይሞት? ወርዶፋ አያደርጋትም።"

ጋሽ ወርዶፋ ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ያጠጣሉ። ቆመው ሰሙኝ፤ ጆጉን ግን ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

"ጡሩምባ ለስብሰባ አይነፋም ልጄ።"

"ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ነው የቀረን። ሌላ መንገድ አጣሁ።"

"ይቺ ጡሩምባ ስትነፋ ሰው ልቡ ይወድቃል። ሁሉም የራሱን ሰው ነው የሚያስበው። ያረጀች እናት ያለችው እናቴ ይላል፣ ሆስፒታል የተኛበት ያለው እሱን ይላል። በዚህ አይቀለድም። ደግሞስ የማን ስም ልጥራ?"

"የኔን ይጥሩ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ከልቤ ግን ነበር።

ተቆጡ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። "ዝም በል! ለወጣት እንዲህ አይባልም!" ጎመኑን ማጠጣት ቀጠሉ። ጨረሱ። ጆጉን አራገፉና ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ያን ወረቀት ያነበበው ማነው?"

መዋሸት እችል ነበር። እትዬ አስካለ ላይ ማላከክም እችል ነበር፤ እሳቸው ጥፋቱን ሊወስዱልኝ ዝግጁ ነበሩ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። በችኮላ አነበብኩት። ያላወቅሁትን አውቃለሁ አልኩ።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከጳውሎስ በኩል የአምቡላንስ ድምፅ ይመጣል። በሰዓቴ ስድስት ከሩብ ሆኗል፤ እኔ ደግሞ እሳቸውን ማጣደፍ አልቻልኩም።

"እኔ ስሞት" አሉ በመጨረሻ፣ "ድንኳኔን የት ልትተክሉት ነው?"

ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ በአንድ እጃቸው ጡሩምባው፣ በብብታቸው የእድሩ መዝገብ አለ።

"ውሸት አልናገርም" አሉኝ። "የሰው ስም አልጠራም። እውነቱን እለፍፋለሁ፤ ሰው እንደሰማው ይስማው።"

ያን ጡሩምባ በቀትር ሲነፋ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማለዳ ስንሰማው አልጋ ውስጥ ሆነን ነው፤ ቀን ላይ ግን ሥራ ያለው ሥራውን ይጥላል። ጋሽ ወርዶፋ ከሜዳው ተነስተው ሽቅብ ወጡ፣ ቁልቁል ወረዱ፤ እኔ ከኋላቸው እከተላለሁ። በየመታጠፊያው ቆም ይሉና ይነፋሉ፤ ከዚያ ያ ሻካራ ድምፃቸው ይከተላል።

"እድርተኛ ስማ! ድንኳን ሜዳ ሊቀበር ነው! ቀብሩ ዛሬ በስምንት ሰዓት፣ ወረዳ አዳራሽ!" ከዚያ በኦሮምኛ ይደግሙታል።

ሰው የሰማው የፈለገውን ነው። ጡሩምባውን ሰማ፣ "ቀብር" ሰማ፣ "ስምንት ሰዓት" ሰማ። "ሜዳ"ን የሰማ ጥቂት ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ። "ማነው? ማንን ነው ያጣነው?" እያሉ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ሥራ ላይ ላሉት ከቤት ተደወለላቸው፤ "ቀብር አለ፣ ጡሩምባ ተነፍቷል።" ያ ከአንድ ሰዓት በፊት "አለቃዬ አይፈቅድልኝም" ያለኝ ሰውዬ ከኮልፌ ለኮንትራት ታክሲ ከፍሎ መጣ። ላባቸው ጠብ እያለ የሚሮጡ አሉ። አንዲት አሮጊት ሜዳው ዳር ላይ ሲያለቅሱ አገኘኋቸውና ማን እንደሞተባቸው ብጠይቃቸው "እኔ እንጃ ልጄ፣ ማንም ይሁን የኛው ነው" አሉኝ። ያቺን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ስምንት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወረዳው በር ላይ ደረስን። አንዳንዱ እውነቱን መንገድ ላይ ሰምቷል፣ አንዳንዱ አሁንም አስከሬኑን ይፈልጋል። ወጣቶቹ ደግሞ እንደ ልማዳቸው የእድሩን አግዳሚዎች ተሸክመው መጥተዋል። ጥበቃው በሩን ከፍቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀብር የሚያልፍ መስሎት ነው። ያን ሁሉ ጭንቀት ይዤ እንኳ ሳቄ መጣ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጠዋት መድኃኒት የሰጠኋት የፕላን ባለሙያ፣ ሰብሳቢው፣ እና ሕንፃውን የሚያሠራው ድርጅት ወኪል። ግድግዳው ላይ የሕንፃው ሥዕል ተሰቅሏል፤ አሥራ አራት ፎቅ ነው። ሥዕሉ ውስጥ ከሕንፃው ሥር ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩ፣ ከሰፈራችን ሰው አንዱንም የማይመስሉ ሰዎች አሉ። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ አግዳሚውን ዘርግቶ ሲሞላ ሰብሳቢው ተነስቶ ቆመ።

"ይቅርታ፣ የማን ቀብር ነው?"

"የሜዳችን ነው፤ ቀባሪው ያንተ ፋይል ነው" አሉ እትዬ አስካለ። ነገሩ ያኔ ለሁሉም ገባው። አዳራሹ ተንጫጫ።

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ አልጮኸም። "ወገኖቼ፣ ሁለት ጊዜ ማስታወቂያ ለጥፈን ጠርተናችኋል። ለምን አልመጣችሁም?"

እትዬ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እኔ ነኝ ጌታዬ። ዓይኔ…"

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሳሁ። "እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ባለድርሻ የሚለውን ባለ አክሲዮን ነው አልኳቸው። እነሱ እኔን አምነው ቀሩ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው።"

የሰፈሬ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያሳደጉኝ፣ አፍንጫዬን የጠረጉልኝ፣ አባቴን የቀበሩልኝ ሰዎች ናቸው። ከኋላ አንዱ "አይ የተማረ!" ሲል ሰማሁ። እውነቱን ነው። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። በዚያች ደቂቃ ከዚያ ሰፈር ቤቴን ዘግቼ ለመሄድ ወስኜ ነበር፤ እንዲያውም የትኛው ሰፈር ቤት እንደምከራይ እያሰብኩ ነበር።

የድርጅቱ ወኪል እጁን አወጣ። "በአክብሮት፣ ቃለ ጉባኤው ተቃዋሚ የለም ይላል። ዛሬ ደግሞ አዳራሹን የሞላው ማን እንደሆነ በምን እናውቃለን? ነዋሪ ይሁን መንገደኛ?"

ሰብሳቢው ወደ ባለሙያዋ አየ፣ ባለሙያዋ ወደ ወረቀቷ። ጥያቄው የሚያስኬድ ነበር። ያን ጊዜ ጋሽ ወርዶፋ ከአግዳሚው ተነሱ። መዝገቡን ከብብታቸው አወጡ፣ ምላሳቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው ገጹን ገለጡ።

"ቀብር ላይ ስም ይጠራል" አሉ፣ ሌላ ነገር ሊኖር እንደማይችል ሁሉ። ከዚያ ጀመሩ።

"አስካለ ደምሴ!"

"አለሁ!"

"በቀለ ቱፋ!"

"አለሁ!"

"ጽጌ ወንድሙ!"

"አለሁ!"

መጀመሪያ ላይ ወኪሉ ፈገግ ብሎ ነበር፤ አሥረኛው ስም ላይ ተወው። አንዱ ከጥግ፣ አንዷ ከበር፣ አንዱ ቦታ አጥቶ ከመስኮቱ ውጪ፣ አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ ይላል። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አነሳችና ስሞቹን መጻፍ ጀመረች። "የለም" ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ከፊቷ ነው። ያ ሁሉ ሰው እዚያ ወረቀት ላይ የለም ተብሎ ነበር፤ የለም ያሰኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እንባዬ መጣ፤ አቀርቅሬ ዋጥኩት።

ጋሽ ወርዶፋ ገጽ አገላበጡ።

"ታደሰ ወልዴ!"

አባቴ ነው።

እኔ የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ስም ነው፣ ሰርዙት ብያለሁ። ቀና ስል ጋሽ ወርዶፋ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ ነው። መዝገቡን ወደኔ አዞር አደረጉት። የአባቴ ስም አልተሰረዘም። ከጎኑ ከሞተ በኋላ ያለፉት ቀብሮች በሙሉ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ አንድም ቀሪ የለበትም። ድንኳን ሲተከል የአባቴ ተራ፣ ወንበር ሲጓጓዝ የአባቴ ተራ ሁሉ ተሞልቷል። ማን እንደሠራልኝ ለመጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም፤ እኔ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ስተኛ እኚያ ሽማግሌ በራሳቸው ተራ ላይ የኔን ደርበው ካስማ ሲመቱ ከርመዋል።

"ታደሰ ወልዴ!" አሉ እንደገና፣ ለስለስ አድርገው።

ተነሳሁ። "አለሁ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

"አልተሰማም!" አለ ቅድም "አይ የተማረ" ያለኝ ሰውዬ ከኋላ፤ በዚህኛው ግን ሳቅ አለበት።

"አለሁ!"

ጋሽ ወርዶፋ በእርሳሳቸው ምልክት አደረጉና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ስም ጥሪው ሲያልቅ ሰብሳቢው መቃወሚያችን ምን እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ አስካለ ተናገሩ። "ሕንፃ አይሠራ አላልንም። ሰው ቤት ይፈልጋል፣ የኛም ልጆች ይፈልጋሉ። ግን እናንተ ካርታ ላይ ባዶ ቦታ ብላችሁታል። ባዶ አይደለም፤ ስናገባም ስንቀብርም የምንገናኝበት ነው። አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት ድንኳኑን የት ነው የምትተክሉለት? ሊፍት ውስጥ?" ወኪሉ ሥዕሉን ዞሮ አየ። ባለሙያዋ "ተቃዋሚ የለም" የሚለውን ሰርዛ ፋይሉ ሳይዘጋ መቅረቱን አነበበችልን።

ከወራት መመላለስ በኋላ ፕላኑ ተስተካክሎ መጣ። ሕንፃው ወደ ታች፣ ወደ አስፋልቱ ተገፋ፤ ሜዳው ለሰፈሩ ቀረ። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሦስት ሰው ያነበዋል፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ አሁን ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አለፉ። ሰፈሩ ያው አይደለም። አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሄደ፣ አንዳንዱ ወደ ልጆቹ ገባ። ብይ የሚጫወት ልጅ አላይም፤ የካስማ ጉድጓዱን የሰርግና የለቅሶ ብሎ የሚለይልኝ ትልቅ ሰውም እያለቀ ነው። አመሻሹ ላይ ከሥራ ስመለስ ሜዳውን አቋርጬ አልፋለሁ፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ ከአፓርታማው ሰገነት ላይ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ። እነሱም ዛሬ እድርተኞቻችን ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ከስድስተኛው ፎቅ አንድ ሰው ሞቶ ድንኳኑ እኛው ሜዳ ላይ ተተከለ። ያን የድሮውን ሰፈር ግን እናፍቀዋለሁ። ናፍቆቱ ምን ያደርጋል ትሉኝ ይሆናል፤ ምንም አያደርግም፣ ብቻ ይናፍቃል።

እናንተስ? በራችሁ ላይ ወረቀት ሲለጠፍ ቀና ብላችሁ ታያላችሁ? "እኛን አይመለከትም" ያላችሁስ ማነው? እንደኔ ዓይነት ቸኳይ እንዳይሆን። ባለድርሻ መሆን አክሲዮን መግዛት አይደለም፤ ስማችሁ ሲጠራ "አለሁ" የምትሉበት ቦታ ካለ ባለድርሻ ናችሁ።

ጋሽ ወርዶፋ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ያን ማለዳ ጡሩምባውን የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ሰፈሩን ዞርኩ፣ በኦሮምኛም እንደነገሩ ደገምኩት። ድንኳናቸውን የት እንደምንተክል የጠየቀ ሰው የለም፤ ሁሉም ቀጥ ብሎ ወደ ሜዳው መጣ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ካስማ ነቀልኩና ጉድጓዱን በጫማዬ ደፈን አደረግሁት። ማታ አሁን እኔ የምይዘውን መዝገብ ከፍቼ ስማቸውን ልሰርዝ እርሳስ አነሳሁ። ልጆቻቸው ራቅ ያለ ቦታ ናቸው፤ "ጊዜ የለንም፣ ይሰረዝ" ብለውኛል። እኔም "እሺ" ብያቸዋለሁ።

አልሰረዝኩትም። ተራቸውን እኔ እየሠራሁላቸው ነው።